የመቃብር ቦታና የሹም አደራ

አበ ብዙኃን አብርሃም ሚስቱ ሣራ በሞተች ጊዜ የመቃብሩን ቦታ ከኤፍሮን የገዛው በ400 ሰቅል ብር፥ የኬጢ ልጆች እየሰሙ፥ በከተማው በር ነው። ኤፍሮን በነጻ ውሰደው ቢለውም ዋጋውን ሳይከፍል አልቀበረም። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ለቤተ ሰቡ መቃብር ሲገዛ የሚመኘው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም የማይናወጥ ርስትና የማይካድ ምስክር ነው።

በእንግሊዝ አገር ግን ነገሩ ከዚህ ይለያል። በሎንዶን የአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጽር በሬሳ ብዛት ስለ ሞላና የኮሌራ በሽታም ሕዝቡን ስላስፈራው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1852 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በከተማው ውስጥ ያሉትን መቃብሮች ለመዝጋትና አዲስ የመቃብር ስፍራ ለማቋቋም መንገድ ከፈተ። ዛሬ በዚያ አገር ብዙውን የሕዝብ መቃብር የሚያስተዳድሩት የከተማና የወረዳ ምክር ቤቶች ናቸው። በ1977 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት ምክር ቤቱ ለቤተ ሰብ የሚሸጠው መሬቱን ሳይሆን በዚያ ቦታ የመቅበርን መብት ነው፤ ይህም መብት በአንድ ጊዜ ከ100 ዓመት ለሚበልጥ ዘመን አይሰጥም፤ ከዚያም አሳጥረው የሚሰጡ ምክር ቤቶች ብዙዎች ናቸው።

የአቤቱታው ሁሉ ሥር ከዚህ ላይ ነው። ባለ ገንዘቡ ርስት የገዛ ይመስለዋል፤ መዝገቡ ግን የሚናገረው ስለ ተወሰነ ዘመን ነው። አንዱ ለእናቱ ባስቀመጠው ቦታ ሌላ ሰው ተቀብሮ ያገኛል፤ ሌላው ይወድቃል ተብሎ የተጋደመውን የአባቱን ሐውልት ማንም ሳይነግረው ደርሶ ያያል። የአገሩ የሕዝብ እንባ ጠባቂም በ2006 ዓ.ም. ስለ መቃብር ሐውልቶች አጠባበቅ የተለየ መግለጫ እስከ ማውጣት ደርሷል።

በሌላ ወገን ሲታይ ምክር ቤቶቹም ምክንያት የላቸውም አይባልም። ሕዝቡ በዝቷል፥ መሬቱም ጠቧል። በ2007 ዓ.ም. ለሎንዶን የወጣው ሕግ፥ የመጨረሻው ሬሳ ከተቀበረበት 75 ዓመት ያለፈውን መቃብር ጥልቅ አድርጎ ቆፍሮ፥ የቀድሞውን አፅም ከታች አሳርፎ፥ ከላይ አዲስ ሬሳ ለመቅበር ይፈቅዳል። ባለ መብቱ ወይም ዘመዱ የተቃወመ እንደ ሆነ ግን ለ25 ዓመት አይነካም። አሳቡ ክፉ አይደለም፤ የቀደሙት የያዙት ስፍራ ለኋለኞቹ ካልተካፈለ፥ የዛሬው ድኻ ወላጁን ከሰፈሩ አርቆ ለመቅበር ይገደዳልና።

ጉድለቱ ያለው ከማስታወቂያው ላይ ነው። መብቱ የተጻፈው በገዢው ስም ነው፤ ገዢው ሲሞት ወራሾቹ ማስረጃ አቅርበው ስሙን ካላዛወሩ መዝገቡ በሟቹ ስም እንደ ተጻፈ ይቀራል። ሕጉ ማስታወቂያ በጋዜጣ እንዲወጣ፥ በመቃብሩ ስፍራ እንዲለጠፍ፥ በመዝገቡ ወደ ተጻፈው አድራሻም እንዲላክ ያዛል። ነገር ግን በመዝገቡ ያለው ሰው ራሱ በመቃብሩ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ደብዳቤውን ማን ይከፍተዋል? በሌላ ከተማ የሚኖረው የልጅ ልጅስ በበሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እንዴት ያየዋል? ያልሰማ ሰው ዝም ማለቱ እንደ ፈቃድ ሊቈጠርበት አይገባም።

ስለዚህ ገንዘቡን የተቀበለ ምክር ቤት መዝገቡንም ሕያው አድርጎ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ቦታውን በሚሰጥበት ቀን የዘመኑን ልክ በግልጽ ቃል ይንገር፤ ከገዢው ሌላ የሁለት ወራሾችን ስምና አድራሻ ይጻፍ፤ ባለ መብቱ በተቀበረ ጊዜም የስሙን ማዛወር ነገር ለቤተ ሰቡ ያስታውቅ። ይህ ከጥቂት ቀለምና ወረቀት በቀር ወጪ የለውም። ቤተ ሰብም በበኩሉ የመቃብሩን ወረቀት እንደ ቤትና እንደ መሬት ወረቀት አክብሮ ሊይዝና አድራሻው ሲለወጥ ሊያስታውቅ ይገባዋል። በዚያ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ዘመዳቸውን በዚያ ሲቀብሩ፥ መብቱ ለስንት ዓመት እንደ ሆነና በማን ስም እንደሚጻፍ ከመፈረማቸው በፊት ቢጠይቁ ኋላ ከጸጸት ይድናሉ።

በኢትዮጵያም ከተሞቹ በሰፉ መጠን የመቃብር ስፍራ እየጠበበ መሄዱ አይቀርም። የሌላው አገር አቤቱታ የሚያስተምረው፥ ቦታው ሳይሞላ መዝገቡን ማደራጀት እንደሚገባ ነው። ሬሳ በአፈር ይሸፈናል፤ የሙት አደራ ግን በመዝገብ ካልተጠበቀ ከአንድ ትውልድ በላይ አይዘልቅም።