ጥለቱ ወደ ላይ፣ ጥለቱ ወደ ታች

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሁሉ ደብረ ሲናን በሁለት ነገር ያውቃታል፤ በገብስ ቆሎዋና በብርዷ። አውቶቡሱ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ሲወርድ ተሳፋሪው በጋቢው ውስጥ ተኮራምቶ ይቀመጣል፤ ከተማዋ ሲደርስ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ይከቡታል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ያው ሰው ጋቢውን አጣጥፎ ከጉልበቱ ላይ አኑሮ ያልበዋል። ደብረ ሲና እንግዲህ የልብስ ድንበር ናት ማለት ይቻላል። ከበላይዋ የመንዝ ባናና በርኖስ፣ ከበታችዋ የይፋት ስስ ሸማና ሽርጥ አለ።

በዚህችው ከተማ ባለፈው ክረምት ለቅሶ ላይ ተገኝቼ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ወጣት፣ የሟች የቅርብ ዘመድ፣ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ነጠላዋን አሳምራ፣ ጥለቱን ወደ ታች ለቃ ገባች። ልጅቱ ከልቧ ታለቅስ ነበር። ሆኖም ሴቶቹ ሁሉ የሚያዩት እንባዋን ሳይሆን ጥለቷን ነበር። ጥቂት ቆይተው አንዲት ባልቴት ብድግ አሉና፣ «ነይማ የኔ ልጅ» ብለው ወደ ጥግ ወሰዷት፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርደው ገለበጡትና ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷ አድርገው መልሰው አለበሷት። «ሠርግ አስመሰልሽብን እኮ» አሏት በለሆሳስ። ልጅቱም፣ «እማማ፣ ማንም አልነገረኝም» አለች።

እውነቷን ነው፤ ማንም አልነገራትም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ቃሏ ነው። ሴት ልጆቻችንን ቀሚስ እንገዛላቸዋለን እንጂ አለባበሱን አስቀምጠን አናስተምራቸውም።

ነገሩን ለማታውቁት ላስታውሳችሁ። ነጠላ የሚለበስበት መንገድ ራሱን የቻለ ንግግር ነው። በደስታና በአዘቦት ቀን ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። በሐዘን ጊዜ ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ ትከሻና አንገት ላይ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው መስቀለኛ ያጣፋል። ድግስ ላይ ላይ ታች የምትል ባለሙያ ወገቧ ላይ ታሸርጣለች። ፀሐይ የመታት ወይም ራሷን ያመማት ትከናነባለች። በቀድሞው ዘመን ደግሞ አሽከር ከጌታው ፊት ሲቆም ሸማውን ያደገድግ ነበር፤ ዛሬ ለባለሥልጣን የሚያጎበድደውን ሰው «አደግዳጊ» የምንለው ከዚያ ተርፎ ነው። ሸማው ከገበያ ጠፍቶ ስድቡ ብቻ እንዳይቀርልን እፈራለሁ።

ታዲያ ልብስን እንዲህ የሚያናግሩት የእኛ ሰዎች ብቻ አይደሉም። በሌላው የዓለም ጫፍ ያሉት ጃፓኖች ኪሞኖ የሚባል ልብስ አላቸው። ቃሉ ሲፈታ «የሚለበስ ነገር» ማለት ነው፤ የአውሮፓ ልብስ ገብቶ መለያ ስም እስኪያስፈልገው ድረስ ልብስ ማለት ራሱ ኪሞኖ ነበር። ኪሞኖ ሲለበስ የግራው ክንፍ ከላይ፣ የቀኙ ከሥር ይሆናል። ይህ ደንብ ለሴትም ለወንድም አንድ ነው። ቀኙን ከላይ አድርጎ የሚለብሰው ሬሳ ብቻ ነው። እንግዲህ ሳታውቅ አገላብጣ የለበሰች ጎብኚ በቶኪዮ ጎዳና ላይ ስትታይ፣ እዚያም እንደ ደብረ ሲናዋ ባልቴት ጠጋ ብለው የሚያስተካክሉላት አሮጊቶች አይጠፉም።

ያላገባች ወጣት በክብር ቀን እጅጌው ረዝሞ ወደ መሬት የሚንጠለጠል፣ ቀለሙ የደመቀ ኪሞኖ ትለብሳለች፤ ፉሪሶዴ ይሉታል። ያገባች ሴት እጅጌው አጭር፣ ጌጡ ከታችኛው ዘርፍ ላይ ብቻ ያለ ትለብሳለች። ይህም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በደጋው አገራችን ያላገባች ልጅ በሳዱላዋ ትታወቅ እንደነበር አያቶቻችሁን ጠይቁ። ከሸዋ ሮቢት በታች ወዳለው ቆላ ብትወርዱ ደግሞ ባለትዳሯን የአፋር ሴት ራሷ ላይ ባሰረችው ጥቁር ሻሽ ትለዩአታላችሁ።

የኪሞኖ አሠራር ለባለሙያ ሴት የሚያስቀና ነው። ስፋቱ 36 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 12 ሜትር ያህል ከሆነ አንድ ጥቅል ጨርቅ ይወጣል። ሸማኔው ባወጣው ስፋት በቀጥታ መስመር ብቻ ስለሚቆረጥ የሚጣል ብጣሽ የለም። በጥንቱ ልማድ ሲቆሽሽ ስፌቱ ተፈትቶ፣ ጨርቁ ለብቻው ታጥቦ፣ ተመልሶ ይሰፋል። እናት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ ታወርሰዋለች። ወገቡ ላይ የሚታሰረው ኦቢ የተባለው መቀነት 4 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ እርሱም ጀርባ ላይ ይቋጠራል። (የእኛ እናቶች መቀነት ይበልጣል እላለሁ፤ ጫፉ ላይ ገንዘብ ይቋጠርበታልና።) ሐር የማይደርሳቸው የሰሜን ጃፓን ገበሬ ሴቶች ደግሞ የተቀዳደደውን ጨርቅ በመርፌ እየደራረቡ ብርዱን ይከላከሉበት ነበር። ድሪቶ ማለት ነው። ዛሬ ያ ድሪቶ በሙዚየም ተሰቅሎ ይታያል።

በኪሞኖ ላይ የመደብ ልዩነትም ነበረበት። ከ1603 እስከ 1868 እ.ኤ.አ. በቆየው የኤዶ ዘመን ነጋዴው ገንዘብ እንጂ ማዕረግ አልነበረውም። መንግሥት ነጋዴዎች ውድ ሐርና የወርቅ ጥልፍ እንዳይለብሱ ደጋግሞ ከለከለ። እነርሱም ውጪውን ልሙጥ አድርገው ሐሩን ገበሩ ላይ ደበቁት። በእኛም አገር ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ የመኳንንትና የባለማዕረግ ልብስ ነበር፤ ተርታው ሰው እንደ ልቡ አይለብሰውም። ከ1868 እ.ኤ.አ. በኋላ በሜጂ ዘመን የጃፓን ሹማምንትና ወታደሮች ኮትና ሱሪ ለበሱ። በ1887 እ.ኤ.አ. እቴጌይቱ ራሳቸው ሴቶች የምዕራብ ልብስ እንዲለብሱ፣ ጨርቁ ግን የአገር ውስጥ እንዲሆን የሚመክር ጽሑፍ አወጡ። እንዲያም ሆኖ ኪሞኖን ለረጅም ጊዜ ጠብቀው ያቆዩት ቤት የዋሉት ሴቶች ናቸው። ወንዱ ቢሮ ሲገባ ይጥለዋል፤ ሴቲቱ ተሸክማው ትቀራለች። ይህ ደግሞ የት አገር ያልሆነ ነው?

ጃፓንና እኛ በጨርቅ ሳንተዋወቅ አልቀረንም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያን ዘመን የተማሩት ኢትዮጵያውያን ጃፓንን እንደ አርአያ ይመለከቷት ነበር። በ1926 ዓ.ም. ልጅ አርአያ አበበ የጃፓን ባላባት ልጅ ሊያገቡ ነው ተብሎ የዓለም ጋዜጦች ጉድ አሉ፤ ጋብቻው ግን ቀረ። (ሙሽራይቱ ኪሞኖ ትልበስ ወይስ የአበሻ ቀሚስ የሚለው ክርክር አብሮ ቀረ።) ሳይቀር የገባው የጃፓን ጨርቅ ነው። ቀድሞ አሜሪካኖች ያስገቡት የነበረውን አቡጀዲ በ1920ዎቹ ዓ.ም. የጃፓን ፋብሪካዎች በርካሽ ዋጋ በጅቡቲ በኩል እያስገቡ ገበያውን ያዙት። የጃፓን ሸማኔ ለኪሞኖው ሲጨነቅ የጃፓን ፋብሪካ የእኛን ሸማኔ ሥራ ይሻማ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ስለ ሸማ ሲወራ ሸማኔው ይነሣል። መነሣቱ ተገቢ ነው፤ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲሰደብ የኖረ ባለሙያ ነውና። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። በይፋት የአርጎባ ሸማኔዎች፣ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች ስማቸው የታወቀ ነው። የፈታይዋ ስም ግን የት አለ? ጥጡን ከፍሬው የምትዳምጠው፣ በደጋን የምትነድፈው፣ ባዘቶውን ይዛ በእንዝርት ስትፈትል የምታመሸው ሴት ናት። ልቃቂቱ ሳይሞላ ድርና ማግ የለም። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ለአንዱ ጋቢ ስንት ምሽት እንደሚሄድ የፈተለች ታውቃለች። በመንዝም እንደዚሁ የበጉን ጸጉር የምትፈትለው ሴቲቱ ናት፤ ወንዱ ባናውን ይሠራዋል። ገበያ ወጥቶ ሲሸጥ ዋጋው የሸማኔውና የነጋዴው ድካም ተብሎ ይቆጠራል፤ የፈታይዋ ምሽቶች ግን እንደ ጨዋታ ይታያሉ። በእኔ አስተያየት የአገር ልብስ ተወደደ እያልን ስናማርር፣ ውድነቱ ለእርሷ እንዳልደረሰ ማወቅ ይገባናል።

ዛሬ በየገበያው ጥለቱና መስቀሉ በማሽን የታተመበት፣ ከውጭ የሚገባ ጨርቅ ሞልቷል። ከሩቅ ሲያዩት ያው የአበሻ ቀሚስ ነው። ይህን የምትለብሰውን እናት ለመውቀስ አልነሣም። የሦስት ልጆች እናት ለጥምቀት ሦስቱንም አልብሳ መውጣት ትፈልጋለች፤ በደመወዟ ሦስት ፈትል ቀሚስ አይገዛም። የምወቅሰው የታተመውን «የእጅ ሥራ ነው» ብሎ በእጅ ሥራ ዋጋ የሚሸጠውን ነው። ስለዚህ ስትገዙ ጥለቱን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ፤ የተሸመነ ጥለት ከጀርባውም ክሩ ይታያል፣ የታተመው ግን ከጀርባው ደብዝዞ ይቀራል። የእጅ ፈትል አንድ ወጥ አይደለም፤ በጣታችሁ ብትዳስሱት ወፈር ቀጠን ይላል። ከዳር አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት ብታቃጥሉት ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ደረቅ እንክብል ይሠራል። ሻጩ ክር አታስመዝዝም ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

ከጃፓኖች መማር ያለብን አንድ ነገር ቢኖር የኪሞኖን ዕጣ ነው። የአዘቦት ልብስነቱ ሲቀር የክብር ቀን ልብስ ብቻ ሆነ፤ የክብር ቀን ልብስ ሲሆን ተወደደ፤ ሲወደድ ብዙዎቹ ወጣቶች ተከራይተው የሚለብሱት ሆነ። በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር ሁለተኛው ሰኞ ለአካለ መጠን የደረሱ ወጣቶች ሲከበሩ ልጃገረዶቹ ማልደው ወደ አልባሽ ባለሙያ ይሄዳሉ፤ ኦቢውን ብቻቸውን ማሰር የሚችሉት ጥቂቶች ናቸውና። ኪሞኖ አለባበስ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ፤ በክፍያ ነው። እናት በነጻ ታስተምረው የነበረው ማለት ነው።

የአዘቦት ልብስነት ትልቅ ነገር መሆኑን የተረዳሁት ከአንዲት የደብረ ሲና እናት ጨዋታ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደብረ ሲና ሲደርስ እርሳቸው ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ደብረ ብርሃን ሸሹ። ሣጥናቸው ውስጥ የተቀመጠውን የሠርግ ካባና ቀሚሳቸውን ጥለው የያዙት ሁለት ጋቢ ነው። «ቀሚሱ ምን ያደርግልኛል? ጋቢው ግን ሌሊት ብርድ ልብስ፣ ቀን ሕፃን ማዘያ ሆነልኝ» አሉኝ። ሲመለሱ ሣጥኑ ባዶ ነበር። አንደኛው ጋቢ ዛሬም አለ፤ ተጥፏል፣ ግን ይለበሳል።

እኒህ እናት አሁን ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ልጅቱ አዲስ አበባ ያየችውን የሚያብረቀርቅ ቀሚስ ፈልጋለች፤ እናት ፈትል ካልሆነ ብለዋል። ሁለቱ ሳምንት ሙሉ ተኳርፈው ሰነበቱ። አባት መሐል ገብተው ነበር፤ ሁለቱም «አንተ ምን ታውቃለህ» ብለው አስወጧቸው። በመጨረሻ የተስማሙት ቀሚሱ ልጅቱ እንደ ወደደችው እንዲሆን፣ ነጠላው ግን እናት በእጃቸው ከፈተሉት ጥጥ እንዲሠራ ነው። ጥጡ ከቆላ መጥቷል። እኔ ስጠይቃቸው በነበርኩበት ሰዓት ሁለት ልቃቂት ይቀራቸው ነበር፤ እየፈተሉ ነው ያጫወቱኝ። ልጅቱም አጠገባቸው ተቀምጣ ባዘቶ ታቀብላለች፤ እንዝርቱን ሞክሪው ብትባል ክሩ እየተበጠሰባት ትስቃለች።

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው። ለሸማኔው ግን «ለገና የሚለበስ ነው» ብለውታል፤ የሸማኔ ቀጠሮ ያውቃሉና።