ታብሌት ከመግዛታችሁ በፊት

ከሥዕል ወዳጆች መካከል አንድ ቅሬታ ደጋግሜ እሰማለሁ፦ «ታብሌቴ ተበላሽቷል፤ ብዕሩን ብጫነውም ባልጫነውም መስመሩ ያው ነው።» ቀጥሎ የሚነሣው የአዲስ ታብሌት ዋጋ ነው። እኔ ግን ከኪሳችን በፊት ሶፍትዌሩ ይፈተሽ ባይ ነኝ።

ጠቋሚው ብዕሩን እየተከተለ ግፊቱ ብቻ ከጠፋ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ከታብሌቱ ውጭ ነው። በዊንዶውስ ላይ ግፊት ወደ ሥዕል ፕሮግራም የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው፤ በዊንታብ ወይም በዊንዶውስ ኢንክ። ድራይቨሩ በአንዱ ሲልክ ፕሮግራሙ በሌላው ከጠበቀ ግፊቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ክሪታ የምትጠቀሙ ከታብሌት ማስተካከያው ውስጥ መንገዱን ቀይሩና ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱ። እዚያው ያለው መሞከሪያ ግፊቱ መድረሱን ያሳያችኋል። ግፊቱ እየደረሰ መስመሩ ካልተለወጠ ብሩሹን እዩ፤ መጠኑ ከግፊት ጋር እንዲለዋወጥ አልተደረገ ይሆናል። የቀድሞ ታብሌት ድራይቨር ከቀረም አጥፉት፤ ሁለት ድራይቨሮች ሊጋጩ ይችላሉ። ይህ ሁሉ ካልሠራ ያኔ ብዕሩን መጠርጠር ተገቢ ነው።

«8192 የግፊት ደረጃ» የሚለው ማስታወቂያም አያጓጓን። ግፊቱ ፕሮግራሙ ጋ ካልደረሰ ቁጥሩ ምን ይፈይዳል?

ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ፊደላችንን በዲጂታል ብሩሽ ስንጽፍ ወፍራሙንና ቀጭኑን የሚለየው የእጃችን ግፊት ነው፤ ያለ እሱ «ሀ» የታጠፈ ሽቦ ትመስላለች። ስለዚህ ማኅበራችን ይህን ፍተሻ በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ አዘጋጅቶ ለአዲስ ተማሪዎች ቢሰጥ እላለሁ። ወጪው አንድ ወረቀት ነው፤ የሚያድነው ግን የአንድ ተማሪ የወር አስቤዛ ሊሆን ይችላል።