በመኖሪያ ቤት ስለሚሰፍር ንብ

ንብ ሳይጠሩት መጥቶ ከግድግዳ ወይም ከጣራ ሥር ሲሰፍር፣ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መርዙ እንጂ ስለ ማሩ አይደለም። ስለዚህ አንዳንዱ ችቦ አንድዶ ያቃጥለዋል፤ ሌላውም ለተባይ የተሠራውን መድኃኒት ይረጭበታል። ከዚህ የሚገኘው ሦስት ጥፋት ነው፤ ንቡ ያልቃል፣ ማሩ ለምግብ የማይሆን ይሆናል፣ ቤቱም ሣር ክዳን ከሆነ እሳቱ ለጎረቤት ይተርፋል። በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ይህን ልማድ ማስቀረት የሹማምንት ሥራ ሊሆን ይገባል።

የዋግ ምድር ተራራማና ድንጋያማ ነው፤ ዝናቡም አጭርና የማይታመን ነው። እህል በከዳ ዓመት ግን ንብ የሚያስገኘው ጥቂት ገንዘብ ቤተ ሰብን ይደግፋል። ንብ በሬ አይሻም፣ ማሳም አይሻማም፤ ክረምት ሲወጣ ተራራውን የሚያለብሰው አበባ ይበቃዋል። የአገሩ ነጭ ማር የታወቀው ከዚሁ አበባ የተነሣ ነው። ባቄላውም ንብ ሲጎበኘው ፍሬው ይበረክታል። ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንብ እንደ ከበበው፣ ስሙም «ንብ ንግሥናውን አወቀ» ማለት እንደ ሆነ በገድሉ ይነገራል፤ ከዛጉዌ ነገሥታት ወገን ነን ይሉ የነበሩት ዋግ ሹሞች በገዙት አገር ንብን በእሳት መፍጀት አያምርም።

«ሕፃናት ባሉበት ቤት ንብ እንዴት ይቀመጣል?» የሚል ቢኖር፣ ነገሩ እውነት ነው። የተቆጣ ንብ የታሰረ በቅሎና አህያ ይገድላል፤ ሰውም ይገድላል። እንግዲህ የሚገባው ንቡን መተው አይደለም፤ በሕይወቱ ወደ ቀፎ ማዛወር ነው።

አስቀድሞ ንብን ከተርብ መለየት ያሻል። ተርብ ወገቡ ቀጭን፣ ገላው ለስላሳ ነው፤ ማር አያከማችም፣ ደጋግሞም ይነድፋል። በበር አጠገብ ከሠራ ሌሊት ቤቱን ማፍረስ ነውር የለበትም። ከዛፍ ወይም ከጣራ ጫፍ ተንጠልጥሎ የታየ አዲስ የንብ መንጋ ግን የሚጠብቀው ቤት ስለሌለው ብዙ ጊዜ ገር ነው፤ ያን ጊዜ መያዝ ግድግዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ከማውጣት ይቀላል።

ግድግዳ ውስጥ የገባውን ለማውጣት ፀሐይ ስትጠልቅ መጀመር ነው። ሕፃናትና ከብቶች ይራቁ፤ የኩበት ጭስ ያለ ነበልባል በቀስታ ይሰጥ። ከዚያ ግድግዳው ተከፍቶ እጭ ያለበት የማር እንጀራ በጥንቃቄ ይቆረጥና በቀፎ ውስጥ ይቀመጥ። ዋናው ነገር አውራ የምትባለውን ንግሥት ማግኘት ነው፤ እርስዋ ከገባች ሌላው ይከተላታል። ቀፎው በቅርብ ቢቀመጥ ንቡ ወደ ቀድሞው ስፍራ ስለሚመለስ፣ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጥቂት ሳምንታት ይቆይ። የሰሙ ሽታ ሌላ መንጋ እንዳይጠራም ሰሙ ተፍቆ ቀዳዳው በጭቃ ይመረግ።

የተነደፈ ሰው ንቡን በእጁ አይምታ፤ ፊቱን ሸፍኖ ወደ ቤት ይግባ። እሾሁ ከገላ ውስጥ ቀርቶ መርዝ ያፈስሳል፣ ሽታውም ሌሎቹን ይጠራል፤ ስለዚህ ሳይዘገይ በጥፍር ይፋቅ። ትንፋሽ ያጠረው፣ ፊቱ ያበጠ ወይም በብዙ ንብ የተነደፈ ሰው ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ስለ ንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 660 ወጥቷል። ነገር ግን አዋጅ ብቻውን ከግድግዳ ንብ አያወጣም። በየቀበሌው ሁለት ወይም ሦስት የታመኑ ንብ አናቢዎች ተለይተው ስማቸው ለሕዝብ ይነገር፤ የፊት መከለያ፣ ጓንትና የጭስ ዕቃ ይሰጣቸው። የወጣው ንብ የማን እንደሚሆንም ሽማግሌዎች ባሉበት አስቀድሞ ይወሰን፤ ንቡ ለአናቢው፣ ማሩ ለባለቤቱ ቢሆን ለሁለቱም የሚበጅ ነው። ባለቤቱ ጥቅም ካገኘ ችቦውን ትቶ አናቢውን ይጠራልና።

ይህ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ከመስከረም አስቀድሞ የተዘጋጀ ወረዳ በአበባው ወራት የሚመጣውን መንጋ በቀፎ ይቀበላል፤ ያልተዘጋጀው ግን ሀብቱን በገዛ እጁ ያቃጥላል።