የሕመምተኛውን አልጋ አራት ሰው ይያዘው



የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ተብሎ ይጠራል። በዚያ ዕለት በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ወንጌል 38 ዓመት በደዌ ተይዞ የኖረውን ሰው ታሪክ ያነሣል። ያ ድውይ በመጠመቂያው ዳር ተኝቶ ሳለ ለጌታችን የገለጠው ችግር የሕመሙን ጽናት አልነበረም፤ ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነበር እንጂ። በቅፍርናሆም የነበረው ሽባ ግን አራት ሰዎች ነበሩት። ወንጌላዊው ማርቆስ ቍጥራቸውን እንኳ ሳይተው ጽፎልናል። እነዚያ አራቱ አልጋውን ተሸክመው መጡ፤ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ በበሩ መግባት ቢሳናቸው ጣራውን ነድለው አወረዱት።

በእነዚህ በሁለቱ ድውዮች መካከል ታሪኩ ያልተጻፈ አንድ ሦስተኛ ሕመምተኛ አለ። እርሱም በየሰፈራችን፥ ምናልባትም በየቤታችን የሚገኘው ነው። እንደ መጻጉዕ ሰው የሌለው አይደለም፤ እንደ ቅፍርናሆሙም አራት ሰው የለውም። ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያም አንድ ሰው ብዙውን ጊዜ ያላገባች ልጅ፥ ወይም ምራት፥ ወይም ራስዋ በዕድሜ የገፋች ሚስት ናት። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንነጋገረው አንድ ሰው ብቻውን ስለሚሸከመው ስለዚህ አልጋ ነው።

ድንገተኛ ሕመም በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ይለይለታል። የደም ግፊት፥ የስኳር፥ የኩላሊት፥ የነቀርሳና እነዚህን የመሰሉት ደዌዎች ግን ከሰው ጋር ለብዙ ዓመታት ይኖራሉ። ልማዳችን የተሠራው ለድንገተኛው ሕመም ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፤ አንዱ ብርቱካን፥ አንዱ ወተት ይዞ ይመጣል። በሁለተኛው ወር ጠያቂው ይቀንሳል፤ በስድስተኛው ወር በሩን የሚያንኳኳ ይጠፋል። ይህም ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ሕመሙ ከጠያቂው ትዕግሥት ስለሚረዝም ነው። ጠያቂው ሲሰለች ይሄዳል፤ አስታማሚዋ ግን ብትሰለችም የምትሄድበት የላትም።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት በደም ግፊት ምክንያት ስትሮክ ደረሰባቸውና ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ እንበል። ራሱን ማገላበጥ የማይችል በሽተኛ ገላው በመተኛት ብዛት እንዳይቈስል በየ2 ሰዓቱ ገደማ ከጎን ወደ ጎን መገላበጥ አለበት። ይህም በአንድ ቀንና ሌሊት 12 ጊዜ ማለት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለውን ብቻ ብንቈጥር እንኳ አስታማሚዋ 4 ጊዜ ከእንቅልፍዋ ትነሣለች። ምግብም በተኙበት አይሰጥም። ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች እንዳያመጣ ደገፍ አድርጎ ማስቀመጥ፥ ጥቂት በጥቂት ማጕረስ፥ ከዚያም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና እንዳሉ ማቈየት ያስፈልጋል። መድኃኒቱ፥ እጥበቱ፥ የአንሶላው ለውጥ፥ የሐኪም ቀጠሮው በዚህ ላይ ይጨመራል።

እንግዲህ ፍርድ እንስጥ። ይህን ሁሉ አንዲት ልጅ ለአንድ ወር ልትችለው ትችላለች። ለሦስት ዓመት ትችለዋለች ማለት ግን ስለ ፍቅርዋ ብዛት መናገር አይደለም፤ ሒሳብ አለማወቅ ነው። ፍቅር እንቅልፍን አይተካም፤ የወገብንም አጥንት ከመጐዳት አያድንም።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት ነበር። ዕድሜያቸው ከ66 እስከ 96 የሆኑ፥ የትዳር ጓደኞቻቸውን የሚያስታምሙ ሽማግሎችንና አሮጊቶችን አራት ዓመት ያህል ተከታትሎ፥ ከማያስታምሙት ጋር አስተያያቸው። በማስታመም ላይ ሳሉ ሸክሙ የከበደባቸው ሰዎች ለሞት የመጋለጣቸው ዕድል ከሌሎቹ በ63 በመቶ በልጦ ተገኘ። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ይህ ነው፤ እያስታመሙ ሸክሙ ያልከበደባቸው ሰዎች እንዲህ ያለ ብርቱ አደጋ አልታየባቸውም። ስለዚህ ሰውን የሚጐዳው ማስታመሙ ሳይሆን ከአቅም በላይ መሸከሙ መሆኑን እንረዳለን።

የከበደባትን አስታማሚ በምን እናውቃታለን? እርስዋ ራስዋ አትናገርም፤ መናገር በወላጅዋ ላይ ማጕረምረም ይመስላታል። ምልክቶቹ ግን ይታያሉ። እንቅልፍ በምታገኝበት ሰዓት እንኳ እንቅልፍ አይወስዳትም። በትንሽ ነገር ትቈጣለች፥ ወዲያውም ታለቅሳለች። የሌላውን መድኃኒት በሰዓቱ እየሰጠች የራስዋን ትረሳለች። ከጓደኛ፥ ከማኅበር፥ ከቅዳሴም ትቀራለች። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ «ይህ ነገር መቼ ይሆን የሚያበቃው» የሚል አሳብ ይመጣባትና፥ የእናትዋን ሞት የተመኘች መስሎአት ራስዋን እንደ ወንጀለኛ ትቈጥራለች። ይህን ለምታነብ አስታማሚ እንዲህ እንላታለን፤ እኅቴ ሆይ፥ ይህ አሳብ የጥላቻ አይደለም፤ የደከመ ሰው የዕረፍት ጥማት ነው። በልብሽ ቀብረሽ አትያዢው፤ ለንስሐ አባትሽ ወይም ለምታምኚው ሰው ንገሪው። ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ተስፋ ቈርጦ ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር አልተቈጣውም። መልአኩን ልኮ አበላው፥ አጠጣው፥ እንዲተኛም ተወው።

እኛስ ለእንዲህ ያለችው ሴት ምን እናደርግላታለን? ብዙ ጊዜ እናመሰግናታለን። «እንዲህ ያለች ልጅ የት ይገኛል! ምርቃት አተረፈች» እንላለን፤ ይህንንም ብለን ነጠላችንን አጣፍተን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ምስጋና መልካም ነው፤ ነገር ግን ሌሊት ተነሥቶ በሽተኛ አያገላብጥም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ያሉት አባቶቻችን መፍትሔውን አስቀድመው ነግረውናል። አልጋው አራት ማዕዘን አለው፤ አራት ሰውም ይያዘው።

የመጀመሪያው ማዕዘን ሌሊቱ ነው። በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ሌላ ልጅ ወይም ዘመድ መጥቶ ቢያድር፥ አስታማሚዋ ሁለት ሌሊት ሳታቋርጥ ትተኛለች። ወንዶች ልጆችም «የሴት ሥራ ነው» በማለት ከዚህ ሊያመልጡ አይገባም። በተለይ በሽተኛን ማንሣት ጕልበት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ከበሽተኛው በታች የታጠፈ አንሶላ አንጥፎ፥ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ጕልበቱን አጠፍ አድርጎ በአንሶላው ቢስበው፥ የበሽተኛውም ገላ አይላጥም፥ የአንሺውም ወገብ አይጐዳም።

ሁለተኛው የሐኪምና የመድኃኒት ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ቀጠሮውን ይያዝ፥ ወረፋውን ይጠብቅ፥ የመድኃኒቱን ስምና ሰዓት በወረቀት ጽፎ በግድግዳ ላይ ይለጥፍ። ጸበል የሚጠመቅ ሕመምተኛ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት በገዛ እጁ እንዳያቋርጥ፥ ስኳር ያለበትም ሰው ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ሳያማክር እስከ ማታ እንዳይጾም የሚጠነቀቀው ይኸው ሰው ይሁን።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። በባሕር ማዶ ያለው ወንድም በየወሩ የሚልከው ገንዘብ እውነተኛ ድጋፍ ነውና ማንም አያቃልለው። ነገር ግን ገንዘብ ላኪው ከዚያው ሆኖ በስልክ አዛዥና ተቈጣጣሪ እንዳይሆን ይጠንቀቅ። በየእሑዱ ደውሎ «እናቴ እንዴት አደረች?» ብሎ ሲጠይቅ፥ «አንቺስ እኅቴ እንዴት አደርሽ?» የሚለውን ቢጨምርበት ከላከው ገንዘብ የማያንስ ስጦታ ነው። በአገር ቤት ያሉትም እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተጀምሮ የተስፋፋውን የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በጊዜው ቢገቡበት ከድንገተኛ የሕክምና ዕዳ ይድናሉ።

አራተኛው ዕረፍት ነው። አንዲት ጎረቤት በሳምንት አንድ ጊዜ ሦስት ሰዓት ያህል በበሽተኛው አጠገብ ብትቀመጥ፥ አስታማሚዋ ቅዳሴ ታስቀድሳለች፥ ጠጕርዋን ትሠራለች፥ ወይም ዝም ብላ በፀሓይ ትቀመጣለች። «የምታስፈልጊኝ ነገር ካለ ጥሪኝ» ማለት ብዙ አይረዳም፤ የደከመ ሰው አይጠራምና። «ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት እመጣለሁ» ማለት ግን ይረዳል።

ስለ አስታማሚዋ ይህን ያህል ከተናገርን ሕመምተኛውንም መዘንጋት አይገባንም። ለሕመምተኛ ከሕመሙ ይልቅ የሚከብደው ለሰው ሸክም ሆንሁ የሚለው አሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ የከፈቱት ሐኪም ሲስሊ ሳንደርስ፥ የሕመምተኛ ስቃይ የሥጋ ብቻ ሳይሆን የልቡና፥ የኑሮና የመንፈስም ጭምር መሆኑን አስተምረዋል። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ በየቤቱ እየሄደ ሕመምተኞችንም ቤተ ሰባቸውንም ይረዳል። ከዚህ የምንማረው ሕመምተኛው የሚታጠብና የሚጎርስ ገላ ብቻ አለመሆኑን ነው። ሐኪሙ ሲመጣ ስለ እርሳቸው ከራሳቸው በላይ አንነጋገር፤ እርሳቸውን እንጠይቅ። እጃቸው ከታዘዘላቸው ምስር ይልቀሙ፥ ጥጥ ይፍተሉ። እጃቸው ባይታዘዝ ምክራቸው ይጠየቅ፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ጕልበታቸውን ስመው ምርቃት ይቀበሉ። በቤት ውስጥ አንድ ሥራ ያለው ሰው ሸክም ነኝ አይልም።

በመጨረሻ ለዕድሮቻችንና ለጽዋ ማኅበሮቻችን አንድ ቃል አለን። ሰው ሲሞት የምናሳየው ኅብረት የሚያስመሰግን ነው። ድንኳኑ በአንድ ሰዓት ይተከላል፤ ወንበሩ፥ ድስቱ፥ እንጀራው ከየቤቱ ይመጣል፤ ሦስት ቀን ኀዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ይህ ሁሉ ሕዝብ ግን ሟቹ ሦስት ዓመት በተኛበት ጊዜ የት ነበር? ነገሩ የማይቻል አይደለም። የኤች.አይ.ቪ. ደዌ በጸናበት ዘመን አንዳንድ ዕድሮች ሕመምተኞችን በየቤታቸው እየጎበኙ ረድተዋል። እንግዲህ ዕድሩ በወር አንድ ጊዜ የታመሙትን አባላት ስም ቢያነብና ለእያንዳንዱ ቤት ተረኛ ቢመድብ፥ ለዚህ ድንኳን አያስፈልገውም፤ አንድ ደብተርና ጥቂት ፈቃደኞች ይበቁታል።

ስለዚህ በቤቱ የቈየ ሕመምተኛ ያለው ቤተ ሰብ ሁሉ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰብሰብ። ሕመምተኛውም ካልደከማቸው በመካከል ይቀመጡ። ሌሊቱን፥ ሐኪሙን፥ ገንዘቡንና ዕረፍቱን በስም ይከፋፈሉ፤ ስሙንም ይጻፉት፤ ያልተጻፈ ተራ ተመልሶ በዚያችው በአንዲቱ ላይ ይወድቃልና። እግዚአብሔር ለታመሙት ምሕረትን፥ ለሚያስታምሙት ብርታትን፥ ለቀረነውም አልጋውን የምንይዝበትን ልብ ይስጠን።