«ተሰራጭቷል፣ ወደ ቤት እንውሰደው» ለምትሉ



የሊምፎማ ውጤት ይዘው ወደ ደብረ ብርሃንና አንኮበር የሚመለሱ ቤተሰቦች ቤት ብዙ ጊዜ እንዲህ ይባላል፦ «ስቴጅ 4 ነው ተብሏል። አታሰቃዩት፣ በሬውንም አትሽጡ፣ ቤቱ ይረፍ።»

ይህ ፍርድ ለብዙ ካንሰሮች መነሻ አለው። ለፈጣኑ ሊምፎማ ግን ስህተት ነው፤ ሊድን የሚችልን ሰው ይገድላል።

ሊምፎማ በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ካሉት የንፍፊት ዕጢዎች የሚነሳ ካንሰር ነው። ፈጣኑ ዓይነት በሳምንታት ውስጥ ያድጋል። ድክመቱም እዚያው ላይ ነው፤ ኬሞ አጥብቆ የሚመታው በፍጥነት የሚራባን ሴል ነዋ! መድኃኒቱ በደም ስለሚዘዋወርም የተሰራጨውን በየቦታው ያገኘዋል።

«ቾፕ» የሚባለው ሕክምና 4 መድኃኒቶች አሉት፦ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ዶክሶሩቢሲን፣ ቪንክሪስቲንና ፕሬድኒሶሎን። አንዱን ያመለጠ ሴል ሌላው እንዲያገኘው አንድ ላይ ይሰጣሉ፤ በየ21 ቀኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ 6 ዙር። በአዋቂዎች ላይ በብዛት የሚታየው ፈጣን ሊምፎማ ተሰራጭቶም እንኳ፣ ቾፕ ብቻውን ከ3 ሰው 1 ያህሉን ያድናል። ሪቱክሲማብ ሲጨመርበት ከ10 ሰው ወደ 6 ይጠጋል። ለልጆች ቅንብሩ ይለያል፤ ተስፋው ግን አያንስም።

ሌላው ስህተት መሃል ላይ ማቆም ነው። እብጠቱ በ1ኛው ወይም በ2ኛው ዙር ሲሟሽሽ «ድኗል» ተብሎ ቀጠሮ ይቀራል። ዓይን የማያየው ሴል ግን አለ። ተመልሶ ሲመጣ መድኃኒቱን ለምዶ ነው።

ጻድቃኔ ማርያምም ሸንኮራ ዮሐንስም ሂዱ፤ ጸበልና ኬሞ አይጣሉም። 21ኛው ቀን ግን አይለፋችሁ።

130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መመላለስ፣ የመድኃኒቱ ዋጋ፣ ማስመለሱ፣ የፀጉሩ መርገፍ ቀላል ነው አልልም። የገንዘብ ችግር ካለ ከማቋረጣችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት። በሕክምናው መሃል ትኩሳት 38 ከደረሰ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ውሰዱት።

በሽተኛውን ወደ ቤት ከመመለሳችሁ በፊት ሐኪሙን እነዚህን ጠይቁ፦
✅ ሊምፎማው የትኛው ዓይነት ነው?
✅ ሕክምናው ለማዳን ነው ወይስ ለማስታገስ?
✅ ዕድሜውና ልቡ መድኃኒቱን ይችላሉ?

መልሱን ሳትሰሙ «አበቃለት» አትበሉ። በሬ ይተካል።

ለሌሎችም ያጋሩ።