«ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»

ባለፈው ዓመት አንገቴ ላይ እብጠት ወጣብኝና ስመረመር የዕጢ ቲቢ ነው ተባልኩ። ሲስተሯ የ6 ወሩን ሕክምና ካስረዳችኝ በኋላ «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» አለችኝ። «የለም» አልኳት።

ልዋሻት ፈልጌ አይደለም። በየማታው የምውጠውን የወሊድ መከላከያ እንክብል እንደ መድኃኒት ቆጥሬው አላውቅም። መድኃኒት የሚውጠው የታመመ ሰው ነዋ!

ደግነቱ አልተወችኝም። «የወሊድ መከላከያስ?» ስትል ወረፋ የያዙት ሰዎች እንዳይሰሙ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳት። ያን ጊዜ ነው ጉዳዩን ያስረዳችኝ።

ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት ጉበታችን የእንክብሉን ሆርሞኖች ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ስለዚህ አንድም ቀን ሳንረሳ ብንውጥ እንኳ እርግዝና ሊፈጠር ይችላል። ይህ ተጽዕኖ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ለ4 ሳምንታት ያህል ይቆያል። ለሚጥል በሽታ የሚታዘዙት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን እና ካርባማዜፒንም ተመሳሳይ ችግር አላቸው። ላሞትሪጅን ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል የእሱን መጠን ስለሚቀንሰው በሽታው ሊነሳ ይችላል።

ብዙዎቻችን የምንፈራቸው እንደ አሞክሳሲሊን ያሉ የተለመዱ አንቲባዮቲኮች ግን እንክብሉን አያዳክሙም። የሚያሰጋው ማስመለስና ኃይለኛ ተቅማጥ ነው። እንክብሉን በዋጣችሁ በ3 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳችሁ ሌላ መዋጥ ያስፈልጋል።

እኔና ባለቤቴ ሁለተኛ ልጅ የምናስበው ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር። ተመካክረን ወደ ሦስት ወሩ መርፌ ዞርኩ፤ ሪፋምፒሲን እሱን አያዳክመውም። መዳብ ያለው ሉፕም እንዲሁ። ክንድ ሥር የሚቀበረው ግን ሊዳከም ስለሚችል ማማከር ይበጃል። ከሁሉ በላይ፣ ፈርታችሁ የቲቢውንም ሆነ የሚጥል በሽታውን መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ለደንበኞች መጠይቅ አዘጋጃለሁ። ጠያቂውና ተጠያቂው አንዱን ቃል ለየብቻ ከተረዱት መልሱ ዋጋ እንደሌለው አውቃለሁ። እኔ ግን ራሴ ስጠየቅ ተሳሳትኩ። እናንተ ባለሙያው እስኪደግምላችሁ አትጠብቁ። አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ እንክብሉን ከቦርሳችሁ አውጡና «ይህንንም እወስዳለሁ» በሉ። ወረፋው ቢሰማም ይስማ።