ስሙ የማይነበብ ጀሪካንና ተስፋ የተጣለበት ወረቀት

የፀረ ተባይ ኬሚካል ዕቃ መለያ ጽሑፉ ሲጠፋ አደጋው በእጥፍ ይጨምራል። እንሰት፣ ቡናና ጫት በሚመረትበት የጉራጌ ዞን፣ እንደ ጉንችሬ ባለች ከተማ የሚሠራ የግብርና ባለሙያ በመጋዘን ጥግ ስሙ የማይነበብ ጀሪካን ቢያገኝ ሊወስድ የሚችለው እርምጃ ጥቂት ነው። ናሙናው ከወልቂጤ እንኳ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ዕቃው ባለበት ይቆያል።

ችግሩ ለአገሪቱ አዲስ አይደለም። በግዢና በእርዳታ ገብተው ጊዜያቸው ካለፈባቸው ፀረ ተባዮች ውስጥ 1 ሺህ 500 ቶን የሚጠጋው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ ተሰብስቦ ወደ ፊንላንድ በመላክ እንዲቃጠል መደረጉ ይታወሳል። ከማጓጓዙ በፊት የነበረው ከባዱ ሥራ ምን የት እንዳለ መለየት ነበር።

በዚህ ረገድ ተመራማሪዎች ትኩረት የሰጡት ርካሽ መመርመሪያ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ የተለያዩ ብርሃን አመንጪ ቀለሞች በነጠብጣብ መልክ ይቀመጣሉ። የኬሚካል ትነት ሲያገኛቸው አንዱ ይደበዝዛል፣ ሌላው ይደምቃል ወይም ቀለሙን ይለውጣል። በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር በሞባይል ካሜራ የተነሳው የነጠብጣቦቹ ገጽታ አስቀድሞ ከተመዘገቡት ጋር ይነጻጸራል። መሠረቱ የቆየ ሲሆን፣ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የቲሞቲ ስዋገር ቡድን በፈንጂ ትነት ብርሃናቸው የሚደበዝዝ ፖሊመሮችን እ.ኤ.አ. በ1998 አስተዋውቋል።

ይሁንና ወረቀቱ የሚያውቀው የሚተንነውን ብቻ ነው። ዳይክሎርቮስ በቀላሉ ሲተን፣ ዲዲቲ ግን ከሞላ ጎደል አይተንም። በመሆኑም ወረቀቱ ለውጥ አላሳየም ማለት ዕቃው ከመርዝ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው የተሳሳተ መተማመን ጭራሽ ካለመመርመር የከፋ ሊሆን ይችላል። በፈሳሽ መልክ የሚዘጋጁ ብዙ ፀረ ተባዮች እንደ ዛይሊን ባለ ማሟሚያ ስለሚበጠበጡም ወረቀቱ ከመርዙ ይልቅ ማሟሚያውን ሊያሸት ይችላል። የአየር እርጥበትም ንባቡን ያዛባል።

ስለዚህ ወረቀቱ ሊሰጥ የሚችለው ግልጋሎት ከ20 ጀሪካኖች መካከል የትኞቹ ቀድመው ወደ ቤተ ሙከራ ይላኩ የሚለውን መወሰን ነው። ይህም ቢሆን በአገር ውስጥ የሚሸጡት ምርቶች ትነት ተለክቶ መመዝገብን ይጠይቃል። ለሥራው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው።

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። ወረቀቱ ወደ ወረዳ ቢደርስ፣ አጠራጣሪ ውጤት ያገኘው ባለሙያ መጋዘኑን የማሸግ ሥልጣን ይኖረዋል ወይስ ደብዳቤ ጽፎ ይጠብቃል የሚለው ከግዢው በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ነው።